ቀይ ፀጉር በሊስቶዌል መንገድ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከረምሽ? ያ ደረቅ ሳልሽ ለቀቀሽ? የደብሊን ጭስ ነው እንጂ እዚህ ሳለሽ ሳል የሚባል አታውቂም ነበር። እኔን ጉልበቴ ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረኛል፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። ውሻው ግን ከማርጀቱ የተነሣ ፖስተኛው ላይ መጮህ ትቷል።

ቤቱን ሸጠሽ ከገና በፊት እኔ ጋ ግቢ ላልሽኝ መልስ ሳልሰጥሽ ሐምሌም ነሐሴም አለፈ። ተቀይመሽኝ ይሆናል። እናቴ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ትውላለች ብለሽም ይሆናል። ልጄ፣ ቁጭ ያልኩበት ቀን የለም። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከአንዱ የፈረስ ውድድር ወደ ሌላው ስዞር ነው የከረምኩት።

ይኼን ስታነቢ ከወንበርሽ እንደተነሣሽ አውቃለሁ። ተመለሺና ቁጭ በይ።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበር። በአንድ ነገር ብቻ ሳንስማማ ኖርን። ወደ ፈረስ ውድድር ሲሄድ መንገድ ላይ ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ካጋጠመችው ቀኑ ተበላሸ ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ዛሬም ሰፈራችን ውስጥ አለ። የአባትሽ ግን ባሰ፤ ሁለት ባለ ቀይ ፀጉር ሴቶች ቤቱ ውስጥ ነበሩበት። ስለዚህ በውድድር ቀን ጠዋት እንዳያየን ብሎ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ደፍቶ፣ በጓሮ በር፣ በዶሮዎቹ መሀል እየተደናበረ ይወጣ ነበር። እኔና አንቺ ደረጃው ሥር ተደብቀን በሳቅ እንሞታለን። አንድ ቀን ግን ሳቅሽን አቁመሽ፣ ፀጉሬ ምን አደረገው? አልሽኝ። ደብሊን ገብተሽ ፀጉርሽን ጥቁር ስትቀቢም ለምን ብዬ አልጠየቅኩሽም፤ ገብቶኛል።

እናልሽ በሐምሌ መጀመሪያ ጎረቤታችን ፊንታን በራችን ላይ ቆሞ፣ “የዶናል ሚስት፣ ኪላርኒ ውድድር አለ። መኪናዬ ውስጥ ቦታ ተርፏል፤ ደስ ካለዎት” አለኝ፤ የሚጠራኝ በአባትሽ ስም ነበር። እሱም ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የሚያወራው ከፈረስ ጋር ብቻ ነው። የእኔ ፀጉር ከነጣ ቆይቷል፤ ነጭ ፀጉር ደግሞ ማንንም አይጎዳም። ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። ጎልዌይ ላይ ነፋስ ኮፍያዬን ወሰደው፤ አንድ ወፍራም ቄስ አሳዶ ያዘልኝ። ሌይታውን ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ላይ ነው የሚጋልቡት፤ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ሄድኩ። ፊንታን ጫማዬን በእጁ ይዞልኝ ዋለ፤ ስጠኝ ብለው እምቢ አለ።

ያን ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ፊንታን “የቄሱ ጃንጥላ” የምትባል ባዝራ አለችው፤ ግማሿ የጓደኛው የባቲ ናት። ባዝራዋ አሸዋው ላይ እንደ ልማዷ ወደ ኋላ ቀረች። ስንመለስ ባቲ መኪናው ውስጥ ዘወር ብሎ፣ “ለመሆኑ እመት፣ ድሮ ፀጉርዎ ምን ዓይነት ነበር?” አለኝ። እንደ ቀበሮ ቀይ ነበር አልኩት። አማተበ። ፊንታን ግን መንገዱን እያየ ዝም አለ። ዝምታው አናደደኝ። ጫማዬን ተሸክሞ የዋለ ሰው አንዲት ቃል እንዴት ትቸግረዋለች?

በጓሮ በር የሚወጣ ሌላ ወንድ እንደማልፈልግ ያን ጊዜ ቁርጡን አወቅኩ። ለአንቺም መልስ ከመስጠቴ በፊት ሰውየውን ልየው አልኩ።

የሊስቶዌል ውድድር ሲደርስ ፀጉር ቤት ገባሁ። ልጅቱ እርግጠኛ ነዎት ወይ እያለች ሦስቴ ጠየቀችኝ። እንደ ድሮዬ አድርጊልኝ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ያለ ኮፍያ፣ ያለ ሻርፕ፣ ፊንታንና ባቲ የሚያልፉበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ባዝራዋ ዛሬ ካልቀናት ጡረታ እንደምትወጣ አውቃለሁ፤ ፊንታን ስንት ብርድና ዝናብ እንደቻለላትም አውቃለሁ። ልቤ እንደ ኮረዳ ልብ ይመታ ነበር።

መኪናው ቆመ። ባቲ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ጥሎ፣ “ዙር፣ ፊንታን! እኔ አላየኋትም፤ አንተም አላየሃትም፤ ዙር!” ሲል ይሰማኛል። ፊንታን ወረደ። ፀጉሬን ቆሞ አየው፣ አየው። ከዚያ ዘወር ብሎ፣ “ባቲ፣ ውረድ። ቦታውን ልቀቅላት” አለ። ለእኔ ደግሞ በሩን ከፍቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራኝና፣ “ግቢ እንጂ፣ እየረፈደብን ነው” አለኝ።

ባቲ ከቀይ ፀጉር ጋር አልሄድም ብሎ በአውቶቡስ መጣ።

ባዝራዋ እንዴት ሆነች ትይኛለሽ? የመጨረሻ ወጣች። ከኋላዋ የነበረው ፈረሶቹን የሚከተለው አምቡላንስ ብቻ ነው። ባቲ አላልኩህም እያለ ሲዞረን ፊንታን፣ “ተዋት እባክህ፤ ይቺ ባዝራ ከመነሻው እንቅልፏን አልጨረሰችም” አለው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ።

አሁን ባዝራዋ ጡረታ ላይ ናት። ሜዳው ጠበባት፤ በእኛና በእሱ መሀል ያለውን የድንጋይ አጥር እናፍርሰው ይለኛል ፊንታን። ለባዝራዋ ብሎ ነው። እሺ ብያለሁ። አጥር የሌለውን ግቢ ደግሞ ማን ይገዛል? ስለዚህ ቤቱን ተይው።

አንቺ ብቻ ነይ። አባ ዴክላን ለቃል ኪዳናችን ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ይመቸኛል ብለውናል። ጥሩ ቀሚስሽን ያዢ። በገና ማግስት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን ደግሞ ሁላችንም ሊመሪክ ውድድር እንሄዳለን፤ ባቲም ተስፋ ቆርጦ እሺ ብሏል።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ደረትሽን ከብርድ፣ ልብሽን ከሐዘን ይጠብቅልሽ። ፀጉርሽን ግን ጥቁሩን አስለቅቀሽ በገዛ ቀለሙ ነይልኝ። በፊት ለፊት በር ነው የምንወጣው።

ቀይዋ እናትሽ