ከእኔ ቀድመው ለልጄ ስለነገሩልኝ

ለተከበሩ የ«ሞቅ ያለ ጎጆ» የቤተሰብ ድረ ገጽ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የክብርት ባለቤትዎን ጤና፣ በድረ ገጹ ግንባር ላይ ፍልቅልቅ ብለው የሚታዩትን የልጆችዎን ጤና፣ እንዲሁም የሁላችንን ጓዳ በቃሉ የያዘውን የኮምፒውተርዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የእኔን ጤና እንኳ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት አልዘረዝርም።

እርስዎ የሚያውቁትን ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ የሴት ቀሚስ አጠብባለሁ፣ አሰፋለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። የወለደቻት ታላቅ እህቴ ናት፤ እህቴ ልጅቷ ጡት ሳትጥል ስላረፈች እኔ አሳደግኋት፣ አፏን ስትፈታ እማዬ አለችኝ፣ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ልጄ ይጻፍ ስላለች ነው፤ እርስዎ ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ መጠየቅ ልማድዎ ስላልሆነ ይህን የጠቀስኩት ለወሬ ያህል ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. ለልጄ አንድ ገጽ የሒሳብ መልመጃ ለማውረድ በመጣሁ ጊዜ፣ ስሜን፣ የትውልድ ቀኔን፣ የሥራ ቦታዬን፣ የልጄን ትምህርት ቤት፣ የልጄን የራሷን ኢሜይል፣ በመጨረሻም የደም ግፊት እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ክፍልፋይ ለመደመር የእኔ ደም ግፊት ምን እንደሚረዳ ባይገባኝም፣ ቤተሰብ አይደለን ብዬ አንድም ሳላስቀር ሞላሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይኼ ነው።

፪. የግል መረጃ አያያዝ መመሪያዎ የአባላትን ምስጢር እንደ ዓይን ብሌን እንደሚጠብቅና ከቤተሰብ በቀር ለማንም አሳልፎ እንደማይሰጥ ስለሚናገር እጅግ ተጽናንቼ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቤተሰብ የሚባለው ማን ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከተመዘገብኩ ወዲህ በየጠዋቱ እየደወለ ስሜን አቆላምጦ የሚጠራኝ ፍራሽ ነጋዴ ለካ የአጎቴ ልጅ ኖሯል፤ የደም ግፊት ሻይ የምትሸጠዋም አክስቴ ሳትሆን አትቀርም። ዘመድ ባበዛሁ ቁጥር ስልኬን መዝጋት አበዛሁ።

፫. «ለእናቶች ብቻ» በሚለው ገጽዎ፣ በምስጢር ይያዝልኝ የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ይህችን የእህቴን ልጅ ሳልሰብራት እውነቱን እንዴት ልንገራት ብዬ ጠየቅሁ። ክብርት ባለቤትዎ በጎ መልስ ሰጡኝ፤ ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። ሁለታችሁም ያልደከማችሁበት ቀን ምረጪ፣ እጇን ይዘሽ ራስሽ ንገሪያት፣ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው አሉኝ። እኔም ትምህርት የሚዘጋበትን ሳምንት መረጥሁ፤ ከምን እንደምጀምርም የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ እየሰፋሁ ለራሴ አጠና ነበር።

ታዲያ እርስዎ በጎጆው ውስጥ ምስጢር የለም የሚል መርህ አለዎትና፣ ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱ አባል የጠየቀውንና የተመለሰለትን ሰብስበው፣ አናቱ ላይ አበባ አስጊጠው፣ «በጎጆአችሁ ምን ተወራ» ብለው ለቤቱ ሰው ሁሉ ይልካሉ። ለሁሉም ሲሉ ለልጄም ላኩላት። ከትምህርት ቤት መጥታ ካውያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታይ፣ እኔ የደንበኛ ቀሚስ ጫፍ አጥፌ ስፒል እሰካ ነበር። ብዙ ቆይታ ተነሣችና ውኃ ልጠጣ ወይ ስትል ፈቃድ ጠየቀችኝ፤ በገዛ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም። አክስቴ ብላ ነው የጠራችኝ። በአፌ የያዝኩትን ስፒል አንድ በአንድ እያወጣሁ ጨርቁ ላይ ሰካሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ በእኛ ቤት ባዳ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እራት በልታ ስትጨርስ ታመሰግነኛለች። እንግዳ እንደሚያመሰግን ማለት ነው። ክቡርነትዎ፣ ልጅ ቢሰድብዎ ያናድዳል፤ ያሳደጉት ልጅ እጅ ነሥቶ ሲያመሰግንዎ ግን አንጀት ይቆርጣል።

፬. ስልክ ደውዬ አቤት ባልኩ ጊዜ ያሰሙኝን ማጽናኛ አልረሳም። ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ የሚልከው መሆኑን፣ ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ግልጽነት መደሰታቸውን፣ ልጅቷም አንድ ቀን ማወቋ እንደማይቀር አስረዱኝ። ልክ ነዎት፤ መሞታችንም አይቀርም፣ ቀኑን ግን ጎረቤት አይቆርጥልንም። እኔ የሰው ወገብ እየለካሁ የምኖር ሴት ነኝ፤ ስንት ወገብ ሰፍቶ፣ ስንት ወገብ ጠቦ አይቻለሁ፣ የማናቸውንም ቁጥር ግን ለደንበኛዬ እህት እንኳ አልተነፈስኩም። ይህን ለማድረግ መመሪያ አላስፈለገኝም።

፭. የልጄ ስምና መረጃ ይሰረዝልኝ ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ ደግሞ፣ የልጅ መረጃ የሚሰረዘው በወላጅ እናት ወይም አባት ጥያቄ ብቻ ስለሆነ እናትነቴን በልደት ምስክር ወረቀት እንዳረጋግጥ በትሕትና አዘዙኝ። ለመላክ ያላስፈለገዎትን ማስረጃ ለመሰረዝ ፈለጉት። ወረቀቱ ላይ ያለው የእህቴ ስም ነው፤ ይህን ደግሞ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ዕድሜና ጤና ሰጥቶዎ፣ የቤትዎን ገመና ለዘመድም ለፍራሽ ነጋዴም ሳይነግሩ ልጆችዎን ለማሳደግ ያብቃዎ እያልኩ፣ ስለ ቸርነትዎ ዝቅ ብዬ፣ መልሼም ቀና ብዬ እሰናበታለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
ሳትወድ በግድ የቤተሰብዎ አባል የሆነችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ልጄ ከአጠገቤ ተቀምጣ የስረዛ ማመልከቻዎን ራሷ ከፈተችው። መረጃው እንዲሰረዝ የምትጠይቀው ሴት ለልጅቷ ምኗ ናት የሚል ጥያቄ አለበት፤ እናቴ ናት ብላ ሞላችና ላከችው። ኮምፒውተርዎ ወዲያው የቀረበው ማስረጃ በቂ ስላልሆነ ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል ሲል መለሰላት። ይግባኝ አንጠይቅም፤ ማስረጃውን እኔ ተቀብዬዋለሁ።