ቤት አይደለም የተባለው ቤቴ

ዛሬ ረቡዕ የካቲት ፲፮ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በዕለተ ኪዳነ ምሕረት፣ ደባርቅ ከተማ ውስጥ በገዛ መደቤ ላይ ተጋድሜ ይህን ቃል የምሰጥ እኔ አናጢ ያርጋል ውዱ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ የጐደለኝ ጥርስና ትንፋሽ ብቻ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ሊያስገድደኝ የሚያስብ ቢኖርም ለኮሚቴ ያቀረብሁትን የአቤቱታ ብዛት ያውቃልና ይተወኛል።

ምስክሮቼ አራት ናቸው። የንስሐ አባቴ ቄስ ሀብተ ሚካኤል፤ ጎረቤቴ የቆርቆሮ ነጋዴው አቶ ሀሚድ ጠይብ፤ ሚስቴን ገንዛ የሸኘችልኝ ወይዘሮ በለጠች፤ አራተኛው የቀበሌያችን የቤት ግምት ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ደምለው ነው። ጸሐፊው አሻግሬ ነው፤ አቤቱታዬን ሁሉ ሲጽፍልኝ የኖረ። ሦስቱ ምስክሮች ተቀምጠዋል። ጓድ ደምለው ግን "ስብሰባ አለብኝ፣ ቆሜ እሰማለሁ" ብሎ ከበሩ ሥር ቆሟል። መቆሙን ጻፍልኝ አሻግሬ። ይህ ሰው እቤቴ ሲቆም ምን እንደሚከተል እኔ አውቃለሁ።

አንደኛ፤ ነፍሴን ለፈጠራት እሰጣለሁ። ሥጋዬ ከሚስቴ ከገበያነሽ ጎን ይረፍ። ለተዝካሬ ሰፊ ዳስ አትጣሉ፤ ኮሚቴው እንደ አንድ ክፍል ቆጥሮ ያስከፍላችኋል።

ሁለተኛ፤ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ የነበረኝ የአባቴ ርስት የሕዝብ ስለ ሆነ አላወርሰውም። ከኑዛዜዬ ሁሉ እንደዚህ አንቀጽ የቀለለኝ የለም።

ሦስተኛ፤ ለወንዱ ልጄ ለክንዴ መጋዜን፣ መላጊያዬን፣ መሮዬንና ሁለቱን መዶሻዎች አውርሻለሁ። ክንዴ ጎንደር ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ነው፤ መዶሻ በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝም ዘንግቶ ይሆናል። ቢሆንም ይውሰድ፤ የሚሠራበት ነገር ከታች አዝዤለታለሁ። አምስት ዓመት አኩርፌው ኖሬአለሁ። ጥፋቱ "አባዬ፣ ዝም ብለህ ክፈል" ማለቱ ነው። እውነቱን ስለ ተናገረ ረገምሁት። ዛሬ በቄስ ሀብተ ሚካኤል ፊት እርግማኔን አንሥቻለሁ።

አራተኛው አንቀጽ ስለ ቤቴ ነው፤ ይህ ረዘም ስለሚል ቀለምህን አዘጋጅ አሻግሬ።

በ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ልጄን ማንጠግቦሽን ለመጠየቅ ከዳባት ሽማግሌዎች እሑድ እንደሚመጡ ተላከብኝ። ጠያቂው የእህል ነጋዴ ልጅ ነበር። ማንጠግቦሽም በገበያ አይታው ኖሮ ደስ ብሏታል፤ ይህን እናቷ ነግራኛለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ደጄ ላይ ቆሙ። ፊተኛው ጓድ ደምለው ነበር። ያኔ ከመካነ ብርሃን መጥቶ ገና መሾሙ ስለ ነበረ መልኩን አላውቀውም።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ" አልኋቸው።

"የለም አባት፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም" አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል እንደማይቀመጥ በሰሜን አገር የማያውቅ ማን አለ? እንዴት ያሉ ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው ብዬ ልቤ ቅልጥ አለች። አንደኛው የተጠቀለለ ገመድ ይዟል፤ የበቅሎ መሳቢያ መሰለኝ።

"ቤቱ ስንት ክፍል ነው?" አለ ደምለው።

መቼም እህል ነጋዴ ሳይሰፍር አይገዛም ብዬ "አምስት!" አልሁ። ክፍሉ ሦስት ነው። የላሟን በረትና የዶሮውን ቆጥ ጨምሬ ነው።

"ምሰሶው ምንድን ነው?"

"ወይራ!" ጥድ ነው።

"ቢከራይ በወር ስንት ያወጣል?"

"የአውራጃ ሹም መጥቶ ደጅ ቢጠናኝ በሠላሳ ብር አልሰጠውም!"

ገበያነሽ ከኋላዬ ሆና ጋቢዬን ሳብ አደረገችና "ኧረ ቀስ ይበሉ! አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" አለችኝ። "ዝም በይ፣ ልጅሽን ላስከብርልሽ ነው" አልኋት። ያችን "ዝም በይ" ዛሬ በምን ዋጋ በገዛኋት!

ደምለው ሁሉንም ጽፎ "እዚህ ላይ ይፈርሙ" አለኝ። የጋብቻው ውል ነው ብዬ በደስታ አውራ ጣቴን አሳርፌ ፈረምሁ። ጠላውም ቀረበ፣ ጥብሱም ቀረበ፤ ያኔማ ማን ይቁም፣ ተቀመጡ። አፋቸውን ሲጠርጉ ጠብቄ "ታዲያ ሠርጉ መቼ ይሁን?" አልሁ። ሦስቱ ተያዩ። "የሠርጉን እኛ አናውቅም አባት፤ ግብሩ ግን እስከ ሰኔ ይከፈላል። ቤትዎ አንደኛ ደረጃ ወጥቷል፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለኝ።

ጓድ ደምለው አሁን ይሥቃል። ሣቅ፣ ሣቅ። የሚቀጥለውን ግን አትሥቅበትም።

ቀትር ላይ እኔ ገና በንዴት ስንጨረጨር ሦስት ነጭ የለበሱ ሰዎች ደግሞ ደጄ ላይ ቆሙ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ የተከበሩ ሰዎች ናቸው። "ተቀመጡ" ሳልላቸው "ለጉዳይ ነው የመጣን" ብለው ጀመሩ። "ጉዳያችሁ ገደል ይግባ! ደግሞ ምኔን ልትለኩ ነው?" ብዬ ዱላ አንሥቼ እስከ ገበያው ድረስ አባረርኋቸው። እነዚያ የዳባት ሽማግሌዎች ነበሩ። "አናጢው አብዷል፤ የእብድ ልጅ አናገባም" ብለው ተመለሱ። ማንጠግቦሽ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ሃያ አራት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን ለጉዳይ የረገጠ ሽማግሌ የለም። አንድ ቀን እንኳ "አባዬ ምን አደረግኸኝ?" አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ግን የልጄን ነገር ትቼ የደረጃውን ነገር ያዝሁ። በአንደኛና በሦስተኛ ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት አሥራ ሁለት ብር ነው። ለዚህች አሥራ ሁለት ብር አሥራ አንድ አቤቱታ አጽፌአለሁ። አሻግሬ ፊተኞቹን "ለተከበሩ" ብሎ ጀመረ፤ ይህ የድሮ አጻጻፍ ነው ሲሉት "አብዮታዊ ሰላምታዬን እያቀረብሁ" አለ፤ ለሰላምታው ብቻ ሃምሳ ሣንቲም ጨመረብኝ። አትዝለለው፣ ጻፈው! በረቱ ክፍል አይደለም አልሁ፣ ቆጡ ለዶሮ ነው አልሁ፣ ምሰሶው ጥድ ነው ኑና እዩት አልሁ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። የመጨረሻው መልስ እነሆ ትራሴ ሥር ነው፤ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ "ግብር ከፋዩ በራሱ አንደበት ተናግሮ በፊርማው ያጸደቀውን ራሱ መልሶ ሊያፈርሰው አይችልም።" የፈረመበትም ጓድ ደምለው ነው።

ቃሌን ማፍረስ ካልተቻለ ቤቱን አፈርሳለሁ አልሁ። አርባ ዓመት የሰው ቤት ስሠራ ኖሬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የራሴን ቤት ሳፈርስ ኖርሁ። ቆርቆሮውን በገዛ መዶሻዬ ነቅዬ ከአቶ ሀሚድ መጋዘን አስቀመጥሁ። በቦታው የሣር ክዳን አለበስሁት፤ እሱንም ስስ አድርጌ፣ ዝናቡ ደረጃውን ቶሎ እንዲያወርድልኝ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭቃ አላስነካሁትም። ገበያነሽ ጭቃ አቡክታ ስትመጣ "ተይው! ኮሚቴው ካየ ያልቅልናል" እያልሁ አስደፋኋት። ሀሚድ "አያ ያርጋል፣ ኧረ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ደባርቅ እኮ ነው፤ ብርዱ ይገድላችኋል" ቢለኝ አልሰማሁትም።

ባለፈው ነሐሴ ገበያነሽን ሳል ያዛት። ጠብታው እራሷ ላይ ሲወርድ መደቧን ወዲህ እንስባለን፤ ወዲያ ይከተላታል። ነፍሷ ልትወጣ ስትል ዓይኗን ወደ ጣሪያው አቅንታ "እንግዲህ ደረጃው ወረደልዎት?" አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ወይዘሮ በለጠች አጠገቧ ነበረች፤ ትመሰክራለች። እኔ ገበያነሽን እወዳት ነበር። ይህን በሕይወቷ አንድም ቀን አልነገርኋት። ለኮሚቴ አሥራ አንድ ደብዳቤ የጻፍሁ ሰው ለሚስቴ አንድ ቃል ነፈግኋት።

እሷ ካረፈች በኋላ በጥር ወር ኮሚቴው መጣ። ለካ፣ አየ፣ ጻፈ። አሸነፍሁ! ደረጃዬ ወረደ፤ ከሦስተኛም በታች ወረደ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ "ይህ ቤት ሊባል ስለማይችል ከግብር ነፃ ነው። ቤት ስለ መሆኑ የኮሚቴው ሰብሳቢ በፊርማው ካላረጋገጠ በቀር፣ ነዋሪው ሲያርፍ ቦታው ለቀበሌው ይመለሳል።" እንግዲህ እኔ ሳርፍ ማንጠግቦሽ ሜዳ ላይ ናት ማለት ነው። ባል ያሳጣኋት፣ እናት ያሳጣኋት አነሰና፣ ጣሪያም ላሳጣት ነው።

ስለዚህ አራተኛውን አንቀጽ እንዲህ እዘጋለሁ። ደባርቅ ከተማ ያለውን፣ በጥድ ምሰሶ የቆመ፣ ሦስት ክፍል ያለውን ቤቴን ለልጄ ለማንጠግቦሽ ያርጋል አውርሻለሁ። ቤቴን ብያለሁ፤ ቦታዬን አላልሁም፣ ፍርስራሼን አላልሁም። ክንዴ ከፋሲካ በፊት መጥቶ ቆርቆሮውን በወረሰው መዶሻ ይምታ፤ ካልመጣ መዶሻዎቹ ለእኅቱ ይሁኑ፣ እሷ ከእርሱ አብልጣ ትመታለች። አቶ ሀሚድ ሦስት ዓመት ያለ ኪራይ ላስቀመጠልኝ የምከፍለው የለኝም፤ የላሜን ጊደር ይንዳ። የቆርቆሮውን ምስማር ልጆቼ ከእርሱ በዱቤ ወስደው እንዲከፍሉት አደራ እላለሁ።

ግድግዳው ጭቃ ይቀባ፤ የገበያነሽ የጭቃ ገንዳ አሁንም ከጓሮ አለ። ቤቱ ሲጠገን ማንጠግቦሽ ሄዳ አንደኛ ደረጃ ታስጽፈው። አዎ፣ አንደኛ! አሥራ ሁለት ብሯን በየዓመቱ ጨምራ ትክፈል፣ ደረሰኙንም ከእናቷ ነጠላ ጋር በሳጥን ታስቀምጥ።

ማንጠግቦሽ ልጄ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት በደልሁሽ እላለሁ። ይቅር በይኝ። አሁን ባትመልሺልኝም ግድ የለም፣ መስማትሽ ይበቃኛል።

የምናገረው ይህ ነው። አሻግሬ ያንብብና ምስክሮቼ ይፈርሙ።

እኔ ጸሐፊው አሻግሬ ከላይ የተጻፈውን በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤአለሁ። ተናዛዡም "ቃሌ ነው" ብለው የግራ አውራ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ሲፈረም የሆነውንም እንድጽፍ ስላዘዙኝ ጽፌአለሁ።

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ፈረሙ። አቶ ሀሚድ ጠይብ ፈረመ። ወይዘሮ በለጠች እያለቀሰች ጣቷን አሳረፈች። ጓድ ደምለው ብዕሩን ይዞ ቆየና "አያ ያርጋል፣ 'ቤቴ' የሚለው ቢቀር፣ 'ቦታዬ' ቢባል ምን ይመስልዎታል? እዚህ ላይ ከፈረምሁ ቤት ነው ብዬ አረጋገጥሁ ማለት እኮ ነው" አለ።

"አወቅህብኝ!" አሉት። "ታዲያ ለምን የጠራሁህ ይመስልሃል? ለመልክህ?"

"ኮሚቴው ቢጠይቀኝስ? ምን ልበል?"

"የምትለውንማ አንተው ጽፈህ ልከህልኛል። በራሱ አንደበት ተናግሮ በፊርማው ያጸደቀውን መልሶ ሊያፈርሰው አይችልም በላቸው። ይልቅ የቆምህበት ምን እንደ ሆነ ንገረኝ። ዝናብ ቢመጣ ዛሬ የት ትጠለላለህ?"

ጓድ ደምለው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል "ልጄ፣ የሚሞት ሰው ለምኖህ ነው፤ ዕለቱም የኪዳነ ምሕረት ነው" አሉት። ጓድ ደምለውም ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ከሳጥኑ ክዳን ላይ ጐንበስ ብሎ ፈረመ። ከፊርማው በታች በገዛ እጁ "ቤት ነው" ብሎ ጨመረ።

ተናዛዡ አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ማንጠግቦሽ እስከዚህ ድረስ ከጓዳው መግቢያ ሆና አልተነፈሰችም ነበር። አሁን በርጩማ ይዛ ወጣች፣ ከጓድ ደምለው እግር ሥር አኖረችና "እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ፤ ይቀመጡ" አለችው።

ተቀመጠ።