ኦሌዱ የት ገባ?

ለምወድህና ላኮረፍከኝ ወንድሜ ለማቴዎስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ባለህበት ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይይዝህ የነበረው ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ካርቶን ባነሳህ ቁጥር ታቃስታለህ? ባለቤትህ ጫልቱስ እንዴት ናት? ትንሹ ልጃችሁ ክብሩስ መራመድ ጀመረ? ሱቁስ፣ ሰፈሩስ ሰላም ነው? ጆሃንስበርግ ረብሻ አለ የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር እማዬ እህል አይወርድላትም፤ እባክህ ቢያንስ ለእሷ ስትል ደህንነትህን አሰማን።

እኛ ደህና ነን። ይህን ለወጉ ያህል እንዳልጻፍኩት እወቅልኝ። ባለፈው አንድ ወር «ደህና ነን» ያልኩህ ሁሉ ግማሹ ውሸት ነበር፤ የዛሬውን ግን አፌን ሞልቼ ነው የምናገረው።

በወረቀት የመጣሁብህ ስልክ አላነሳ ስላልከኝ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ! የጻፍኩልህን መልእክትም ከፍተህ አላየህም። ደግነቱ የጎረቤታችን ልጅ ደስታነሽ ባሏ ዘንድ ወደዚያው መሄዷ ነው። ደብዳቤውን በእጅህ እንድትሰጥህ፣ አንብበህ እስክትጨርስም ከሱቅህ እንዳትወጣ አደራ ብያታለሁ። እማዬ የላከችልህን የቃሪያ ዳጣም ይዛልሃለች፤ እሱን የምታስረክብህ ግን ካነበብክ በኋላ ነው።

ያን ቀን በቪዲዮ ስትደውል የሆነውን አልረሳሁትም። ልጄ ሃሴት አዲሱን ቴሌቪዥን ላሳየው ብላ ስልኩን ይዛ ሮጠች። አንተም አንዴ አየት አድርገህ፣ ይሄ ገንዘብ የላክሁበት ውዱ ኦሌድ አይደለም፣ ተራ ኤልሲዲ ነው፣ ውፍረቱን አላያችሁትም ወይ፣ ኦሌዱ የት ገባ፣ ገንዘቤን ምን አደረጋችሁት እያልክ ጮህክብኝ። ባሌን ሚኪያስን ሳይቀር ጠረጠርከው። ምስኪን ሚኪያስ፣ የሰው ገንዘብ ሊበላ ቀርቶ የራሱንም ደሞዝ አንድ ቀን በወጉ ሳይበላ ነው ለእኔ የሚያስረክበው!

እኔ ሩሀማ፣ አፌ እንደማያርፍ የምታውቀኝ፣ ያን ቀን ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ጥፋት ስላለብኝ ሳይሆን አባባ በጌታ ፊት ቃል አስገብተውኝ ስለነበር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከቃሌ ፈተውኛል። ስለዚህ ስማኝ። ኦሌዱ የገባው አባባ ዓይን ውስጥ ነው። አባባ ሊታወሩ ነበር፤ በገንዘብህ ታክመው ድነዋል። አሁን ልብህ ይረፍና ከሥር ከመሠረቱ ላውጋህ።

አባባ ቴሌቪዥኑ ደበዘዘ ማለት ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ለአንተም በስልክ ይሉህ ነበር። መጀመሪያ ጥፋቱን በዲሹ ላይ ጣልነው። ሠራተኛው መጣ፣ ጣራ ላይ ወጣ፣ አዟዟረው፣ ወረደ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። አባባ «አሁንም ጭጋግ ነው» አሉ። ቀጥሎ ጥፋተኛው የመብራቱ ኃይል ነው ተባለና ስታብላይዘር ገዛን። «ጭጋግ ነው» አሉ። ከዚያ ደግሞ የሐይቁ እርጥበት ገብቶበት ነው የሚል ሊቅ ከጎረቤት ተገኘና ቴሌቪዥኑን ሦስት ቀን ፀሐይ አሞቅነው። አትሳቅ!

እኔ ብኖር ኖሮ ዓይንዎን ይታዩ እላቸው ነበር ትለኝ ይሆናል። አትልም! አባባ ማን እንደሆኑ ረሳህ እንዴ? ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥቅል ሲመረምሩ የኖሩ፣ ማሽኑ የሳተውን አንዲት ክር ከሦስት እርምጃ የሚለቅሙ ሰው ናቸው። በሠርጌ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሲመርቀኝ፣ እሳቸው ቬሎዬን አይተው ታች ጠርዙ ላይ አንድ ስፌት ተዘሏል አሉኝ፤ ተዘሎም ነበር። በእኛ ቤት ዓይን ማለት የአባባ ዓይን ነው። እሳቸው ደበዘዘ ካሉ ደብዝዟል። ይባስ ብሎ እያደር ለእኔም መደብዘዙ ይታየኝ ጀመር እኮ! እማዬም እውነት ነው፣ ዜና አንባቢዋ ሳትጠቁር አልቀረችም አለች። አይ እኛ!

እንዲህ እያልን ሳለን ነው አንተ በቃ ኦሌድ ግዙላቸው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነጩ ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ብቻ ነው ብለህ ከራስህ ጉሮሮ ነጥቀህ የላክህልን። እግዚአብሔር ይስጥህ። ያ ገንዘብ ባይመጣ ዛሬ ይህን ደብዳቤ በደስታ አልጽፍልህም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ፣ እማዬና እኔ በባጃጅ ፒያሳ ወረድን። አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ ለሽምግልና የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። ሰኢድ የሚባል ረጋ ያለ ነጋዴ ሱቅ ገባን። ሁለቱን ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን አድርጎ አንድ ዓይነት ሥዕል ለቀቀባቸው፤ በጨለማ ውስጥ የምትበር ቀይ ወፍ። ርካሹ ኤልሲዲ ከኋላው መብራት በርቶለት ስለሚያሳይ ጥቁሩ ትንሽ ግራጫ እንደሚሆን፣ ውዱ ኦሌድ ግን እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ እንደምትበራና እንደምትጠፋ አስረዳኝ። አየሁት ማቲ፤ ጉድ ነው! ወፏ ከመስታወቱ ወጥታ ትከሻዬ ላይ የምታርፍ ነው የመሰለኝ።

ሰኢድ ግን ነጋዴ የማይናገረውን ተናገረ። ሳሎናችሁ ፀሐይ ይገባዋል ወይ፣ አንድ ጣቢያ ላይ ትታችሁት ነው የምትውሉት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የታቦሩ ቤታችን ከሰዓት በኋላ በሐይቁ በኩል ፀሐዩ እንዴት እንደሚገባበት ታውቃለህ። አባባ ደግሞ የስብከት ጣቢያቸውን ከጠዋት እስከ ማታ አያስነኩም። እንግዲያው ኦሌዱ ፀሐይ ላይ ይደክማል፣ የጣቢያው ምልክትም ከጊዜ ብዛት ጥግ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል፣ ለእናንተ ርካሹ ይሻላችኋል አለኝ። እኔ አንተን እየፈራሁ፣ ወንድሜ ኦሌድ ነው ያለው ብዬ ድርቅ አልኩ።

በመጨረሻ ሰኢድ አባታችን ይምረጡ አለ። እማዬ ቀበል አድርጋ ጨርቅ መርማሪ ዓይን ነው ያላቸው ብላ አሞገሰቻቸው። አባባ ተራምደው አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከዚያ መሐረባቸውን መዘዝ አድርገው ያን ውድ ኦሌድ ይወለውሉት ጀመር! ሰኢድ ደንግጦ «አባቴ፣ ቀስ!» አለ። እሳቸው ግን ወለወሉት፣ ራቅ ብለው አዩት፣ ተመልሰው ደግመው ወለወሉት። ከዚያ፣ ልጄ ይሄንንም አቧራ ይዞታል፣ ከመጋዘን ሌላ አውጣልኝ አሉት። ስክሪኑ ላይ የአቧራ ዘር አልነበረበትም።

ያኔ ነው የገባኝ። ሰኢድ ወደ ጥግ ወስዶ፣ እህቴ ዛሬ ቴሌቪዥን አልሸጥልሽም፣ እናቴንም እንዲሁ ነው የጀመራት፣ መጀመሪያ ዓይናቸውን አሳዪ አለኝ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ስንት ይገኛል? አላህ ይባርክህ አልኩት፤ እሱም አሜን አለኝ።

ቤት ስንገባ አባባ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ምስጢሩን አወጡት። ለካ ያውቁ ነበር! ሁለት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥኑን ሲያሙ የኖሩት የራሳቸውን ዓይን ጉድ ላለማውጣት ነው። አያታችን ዓይኑ ጠፍቶ፣ ዱራሜ ባለው ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ኮቴ በሰማ ቁጥር «ማነህ?» ሲል የኖረው ትዝ ይልሃል። አባባም የአባቴ ዕጣ ደረሰኝ፣ ለማይድን ነገር የልጄን ላብ አላፈስም ብለው ቆርጠው ኖሯል። እኔ እዬዬዬን አቀለጥኩት። እማዬ ግን እንባ አልወጣትም፤ ተቆጣች። አርባ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትላቸው የኖረችው ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ስትላቸው ሰማሁ። «አንተ ሽፈራው! በጨለማ ልትቀመጥብኝ ነው? ሰኞ ጠዋት ትነሳለህ፣ ትታያለህ!» አባባ ክው ብለው «እሺ» አሉ። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፣ ሰው አገር ያለ ልጅ ልቡ ለሁለት አይከፈል፣ ማቲ እንዳይሰማ ብለው ቃል አስገቡኝ።

ሰኞ ያየቻቸው ሐኪም ዶክተር ትንሣኤ የምትባል ወጣት ሴት ናት። ሁለቱንም ዓይናቸውን መርምራ፣ የዓይን ሞራ ነው፣ ዕድሜ ያመጣው ነው፣ በኦፕራሲዮን ይወጣል አለችን። ደስ ብሎኝ ልዘል ስል ደግሞ አንድ ነገር ጨመረች። ሞራው በጣም ስለጠነከረ ከጀርባው ያለውን አጥርታ ማየት አልቻለችም፤ እዚያ ጉዳት ካለ ሞራው ቢወጣም ብርሃኑ ላይመለስ ይችላል። ቀጠሮው ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ነበረው። እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት ለጠላቴም አልመኝለትም።

ያን ርካሽ ኤልሲዲ ያስገዙኝ በዚያ መሀል አባባ ራሳቸው ናቸው። ቴሌቪዥን ካልታየ ማቲ መጠየቁ አይቀርም፣ ርካሹን ግዢ፣ እሱ በስልክ አይለየውም አሉኝ። አንተን! ቴሌቪዥን ሲሸጥ የሚውለውን ልጃቸውን! አንተ ጮኸህብኝ ስልኩን የዘጋህብኝ ቀን ኦፕራሲዮኑ አራት ቀን ነበር የቀረው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ። ይህን የምነግርህ እንዲቆጭህ ነው፤ ትንሽ ይቆጭህ።

ቀኑ ደረሰና የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ሥራው ራሱ ሻይ አፍልቶ ከመጠጣት ብዙም አልበለጠም፤ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ጸሎቷን ሳትጨርስ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ዶክተሯ ፋሻውን ፈታችና ምን ይታይዎታል አለቻቸው። እኔ የእማዬን እጅ ጨምድጄ ይዣለሁ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው የዶክተሯን ነጭ ጋዋን ያዙና «ልጄ፣ እዚች አዝራር ሥር ክሩ ላልቷል፤ ዛሬውኑ አስይዢው» አሏት። እማዬ ክሊኒኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው! ነርሷ ዝም በሉ ብትል ማን ሰምቷት። ዶክተሯም እየሳቀች ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ለምርመራ ተመልሰን፣ ከጀርባው ምንም ጉዳት የለበትም ተባልን። እፎይ! ማቲ፣ እንዲህ ያለ እፎይታ በሕይወቴ አላውቅም። ከቤት እስክንደርስ በየመንገዱ ተመስገን ስል የባጃጁ ሹፌር ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት ነበር። የግራው ዓይን ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል፤ ከላክኸው የተረፈው ይበቃዋል፣ ሌላ እንዳትልክ። አባባ አሁን የሰባኪውን ከረባት ስፌት እየተቹ ነው የሚውሉት። ያን ያወገዝነውን አሮጌ ቴሌቪዥን አስሰክተው ሲያዩትም ጥርት ብሎ ታያቸውና፣ ለካ ይሄ ምስኪን ምንም አልሆነም ብለው ይቅርታ የጠየቁት ያህል ዳበሱት። እማዬን ግን ትክ ብለው አይተው «ዘነበች፣ አንቺም አርጅተሻል ለካ» ስላሏት እስካሁን አኩርፋለች።

እኔን ይቅርታ ባትጠይቀኝም ግድ የለም፤ ሚኪያስን ግን ጠይቀው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ይህን እንድጽፍልህ የፈቀዱልኝ አባባ ራሳቸው ናቸው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት በቪዲዮ ስትደውል «አምሮብሃል፣ ወፈር ብለሃል» ሲሉህ፣ አላዩህም ነበር። የሚታያቸው የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነው፤ ፊታቸውን ወደ ድምፅህ ነበር የሚያዞሩት። ክብሩንማ ከተወለደ አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። ጫልቱ አቅፋ ስታሳያቸው «የእኛን ቤት መልክ ይዟል» ያሉት እንዳይታወቅባቸው ብለው ነው። ፋሻው ከተፈታ ጀምሮ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፊታቸውን ታጥበው ከእኔ ስልክ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንተ ደግሞ አኩርፈህ አታነሳም። እባክህ ደውል። ስትደውል ካሜራውን ክፈት፤ ልጁንም ታቅፈህ ብርሃን ወዳለበት ዞር በል።

እማዬ፣ ዳጣው እንዳይደርቅ ዘይት ጣል አድርግበት፣ ወገብህንም አደራ ብላሃለች፤ ጫልቱን ሁለት ጊዜ ሳምልኝ ትላለች። ሚኪያስ ቂም እንዳልያዘብህ ንገሪው ብሎኛል። ሃሴት ቴሌቪዥኑን በማሳየቷ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ስለምታስብ አንድ ጥሩ ቃል ንገራት። ጫልቱንና ክብሩን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አባባ ግን ሰላምታ አልላኩልህም፤ ፊቱን እያየሁ እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ ብለዋል።

እህትህ ሩሀማ ሽፈራው
ሐዋሳ፣ ታቦር
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.