በእኔና በአንተ መካከል ያሉት ስድስት ሰዎች

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ይድረስ ለባለቤቴ፣

ጤናህን ልጠይቅ ነበር። ግን ባለፈው ሐሙስ በስክሪን ሳይህ ፊትህ ሞላ ብሏል፣ አዲሱ ኮትም አምሮብሃል፤ ስለዚህ እሱን አልፌ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ይህን በእጄ ጽፌ በፖስታ የምልክልህ ሌላው መንገድ ሁሉ ሰው ስለሚበዛበት ነው። ስልክ የምታነሳው ስብሰባ ላይ ሆነህ ነው፤ ኢሜይልህን ጸሐፊህ ቀድማ ታነበዋለች። ደግሞ አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ከሁለት ወር በፊት አንተ ወዳለህበት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ለመዛወር አመልክቻለሁ። ሁለት ዓመት ተለያይቶ መኖር ይበቃናል ብዬ ነው። ሐሳቤ አንድ ቀን በርህን አንኳኩቼ ላስደነግጥህ ነበር። መልሱ ዛሬ ጠዋት መጣ፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን በሆዴ የታመቀውን ልተንፍስ።

እናትህ ደህና ናቸው። እሁድ እሁድ እየመጡ አብረውኝ ይውላሉ። ለምን እንደማትመጣ ሲጠይቁኝ ፈቃድ አላገኘም እላቸዋለሁ። ባለፈው ግን፣ አለቃ ከሆነ ለራሱ ፈቃድ መስጠት አይችልም ወይ ብለው ጠየቁኝ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር፤ ራሴ ጠገንኩት። ማንንም ሳላስፈቅድ ስለሠራሁት ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀብኝ።

አንተ ስትሄድ በእኔና በአንተ መካከል ሁለት ሰው ነበር። አሁን ስድስት ናቸው። አለቃዬን ታውቀዋለህ፣ ያንን ዝምተኛ ሰውዬ። ከእሱ በላይ የቡድኖች አስተባባሪ አለ፤ ከአስተባባሪው በላይ የአስተባባሪዎች ማናጀር፤ ከዚያ የዕቅድ ኃላፊ፤ ከዚያ ደግሞ ሥራው ምን እንደሆነ እሱም እኛም በቅጡ የማናውቀው አንድ ደግ ሰው። ከሁሉም በላይ፣ ካንተ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ብላ፣ ባለ ቀስቷ አለች። ይህን ስም ያወጣንላት ስላይዶቿ ላይ ቀስት ስለምታበዛ ነው። እኛ ኮድ የምንጽፈው አራት ነን። አራታችን እንሠራለን፣ ስድስቱ እንዴት እንደምንሠራ ሲነጋገሩ ይውላሉ። አራቱን የጨመርካቸው ደግሞ አንተ ነህ፤ ሥራ ይቀላጠፋል ብለህ ያወጣኸውን መዋቅር አይቼዋለሁ፣ ፊርማህ አለበት።

ካላንደርህ ለሠራተኛ ሁሉ ክፍት ነው። በየጠዋቱ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ የምከፍተው እሱን ነው። ከባለ ቀስቷ ጋር ሰኞ አንድ ሰዓት፣ ረቡዕ አንድ ሰዓት፣ ዓርብ ደግሞ «ነፃ ውይይት» የሚል አለ። ነፃ ውይይት! እኔ ያገባኸኝ ሴትዮ በስልክ የማገኝህ ስምንት ደቂቃ ነው፣ እሱም መሀል ላይ «አንዴ ቆዪኝ» አለበት። ቀናሁ፤ አልደብቅህም፣ ቅናት አንገበገበኝ። አንድ ቀን ዓይኔን በጨው አጥቤ እኔም ካላንደርህ ላይ ግማሽ ሰዓት ጠየቅኩ። ጸሐፊህ፣ ጥያቄሽን በቅርብ አለቃሽ በኩል አቅርቢ ብላ መለሰችልኝ። ስድስቱን ሰዎች ቆጥሬ ተውኩት።

አሁን ወደ ሐሙሱ ልምጣ። ጥቅምት ላይ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ በርረህ እንደነበር ታስታውሳለህ። «ደርሻለሁ፣ አታስቢ» ብለህ የጻፍክልኝ መልእክት በማግስቱ ነው የደረሰኝ፣ እሱም የማግስቱን ቀን ለብሶ። ቀኑን ሙሉ ስልኬን እንደታቀፍኩ ዋልኩ፤ ደርሶ ረስቶኛል ብዬ ስንት ነገር አሰብኩብህ። ኋላ ነገሩ ስላልተዋጠልኝ መሥሪያ ቤታችን የሚሠራውን የገዛ የመልእክት መተግበሪያችንን ኮድ ፈተሽኩ። ኔትወርክ ሲደክም መልእክቱ ሰርቨር ላይ ተኝቶ ያድርና ሲነቃ ቀኑን ይቀይራል። ጥፋቱ ሦስት መስመር ነበር። አስተካከልኩት፣ ለሪፖርቱም ምሳሌ እንዲሆን የራሴን ታሪክ ስም ሳልጠቅስ ጻፍኩ፤ አንዲት ሴት የባሏ «ደርሻለሁ» በማግስቱ ደረሳት ብዬ። ያን ዕለት ደውዬም ነገርኩህ። ስህተቱን ያስያዘኝ ያንተው መልእክት ነው ስልህ «በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ» አልከኝ። ከኋላህ ሰው ሲያወራ ይሰማኝ ነበር።

ሦስቷ መስመር ስድስቱን ሰዎች ለማለፍ አርባ አንድ ቀን ፈጀባት። አንዱ ስላይድ ይሠራለት አለ፣ ሌላው ስላይዱ ይጠር አለ፣ የዕቅድ ኃላፊው በዚህ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ስህተት ማረም አልተያዘም ብሎ ሁለት ሳምንት አቆየው። አለቃዬ ጋ ሳለ የእኔ ሥራ ነበር። አስተባባሪው ጋ ሲደርስ የቡድኑ ሆነ፣ ቀጥሎ የክፍሉ፣ ባለ ቀስቷ ጋ ሲደርስ «የጀመርነው ንቅናቄ»። ስሜን መንገድ ላይ ውሃ በላው።

ሐሙስ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ባለ ቀስቷ ቆማ አቀረበችው። እኛ ካፍቴሪያው ውስጥ ትሪያችንን ይዘን በትልቁ ስክሪን እናያለን። አንድ ቀስት፣ ሁለት ቀስት፣ ከዚያ ያችን ሴት አመጣቻት፤ ባሏ ደርሶ ዝም ያላት የመሰላትን «ደንበኛችን»ን። እሷ ስታወራ አንገትህን ዘንበል አድርገህ ትሰማ ነበር። እንደዚያ የምትሰማው ልብህ ሲነካ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ሺህ ሰው አያውቀውም። ከዚያ ማይኩን ተቀበልካትና እንዲህ አልክ፦

«ይህቺ ሴት ልቤን ነካችኝ። ለመሆኑ ይቅርታ ብለናታል?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ባለ ቀስቷ ክንድህን ነካ አድርጋ ሳቀች፣ አንተም ሳቅክ። አጠገቤ የነበረው አለቃዬ ታሪኩን ስለሚያውቅ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ጣለ።

መጀመሪያ በባለ ቀስቷ የቀናሁ መስሎኝ ነበር። ሳስበው ግን የቀናሁት በዚያች ደንበኛ ነው። እሷን ሰማሃት፣ አዘንክላት፣ ይቅርታ እንድትባል ጠየቅክ። እኔ ያንኑ ታሪክ ከአፌ ስነግርህ አልሰማኸኝም። ሰው በራሱ ይቀናል ብትለኝ ድሮ እስቅብህ ነበር፤ እኔ ቀንቻለሁ፣ አሁንም እየጻፍኩልህ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ወደ ዝውውሩ። ማመልከቻው አድልዎ እንዳይኖር ተብሎ የሠራተኛውን ስም አያሳይም፤ የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው። ስድስቱም ፈረሙበትና አንተ ዘንድ ደረሰ። ዛሬ ጠዋት ካንተ ተመለሰ። «አመልካቹ ወደዚህ ከተማ መዛወር የፈለጉበት ምክንያት በዝርዝር ይብራራ» ይላል። ጸሐፊህ የጻፈችው ይሆናል ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት። ሊያጽናናኝ ፈልጎ ትንሽ አንገራገረ፤ ስጨቀጭቀው ግን መልሱ የተጻፈበትን የመጨረሻውን ገጽ ያላንተ የይለፍ ቃል ማንም አይከፍተውም አለኝ።

ቁጥሬ ካንተ ቁጥር ቀጥሎ ያለው ነው። የተቀጠርን ዕለት ባጅ ለመውሰድ ስንሰለፍ ከፊቴ የነበርከው አንተ ነህ፤ ዞር ብለህ እስክሪብቶ የለመንከኝ እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። የራስህን ቁጥር በየቀኑ ትጽፈዋለህ፣ እኔ ከእሱ በአንድ ነው የምበልጠው። አይተህ ካላወቅከኝ አንድ ነገር ነው፤ አውቀህ ከጻፍከው ደግሞ ሌላ ነው። የትኛው ቢሆን እንደሚሻለኝ ከጠዋት ጀምሮ አስቤ መወሰን አልቻልኩም።

ለማብራሪያው አምስት መስመር ቦታ ተሰጥቶኛል። «ባሌ እዚያ ስለሚኖር» ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁት። እስከ ዓርብ ባዶ ከሆነ ማመልከቻው በራሱ ይዘጋል። ይህ ደብዳቤ ሐሙስ ይደርስሃል ብለውኛል፤ የማብራሪያው ገጽ ደግሞ ባንተም በኩል ይከፈታል። ምክንያቱን የምታውቀው ከሆነ አንተው ሙላው። የማታውቀው ከሆነ ግን እኔ በዝርዝር ባብራራው ምን ያደርግልናል?

ምሳህን በሰዓቱ ብላ፣ ብርድ እንዳይመታህ ተጠንቀቅ። እናትህ ደጅህ ሰው አይጣ ብለው መርቀውሃል። እኔ ደግሞ ሰው ይቀንስልህ እላለሁ፤ ከልቤ ነው፣ አሜን በል።

ባለቤትህ