ድንኳኑን መልሰው ያስተከሉት ወይዘሮ ማንአልሞሽ ወንዳፍራሽ

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ከአባታቸው ከአቶ ወንዳፍራሽ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገሬ ይማም በሰኔ ወር 1934 ዓ.ም. ደሴ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ተምረው ነርስ ሆኑ፤ ታካሚውንም ሐኪሙንም እየተቆጡ ለዓመታት አገለገሉ። ከአቶ መንግሥቴ አበጋዝ ጋር ትዳር መሥርተው ሠርካለምንና ዘካሪያስን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1983 በካርቱም በኩል ሲያትል ገቡ። ሬኒየር ቫሊ ሲኖሩ ክርስቲያኑን፣ ሙስሊሙን፣ ከኤርትራ የመጣውንም ሰብስበው እድር አቋቋሙ፤ ድንኳንም አስገዙ። በ1992 ከኬንት አለፍ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ቤት ገዙ።

በዚያው መንገድ ሚስተር ክሊፎርድ ሃርግሪቭ ይኖር ነበር። ሰውዬው የእንግሊዝ አገር ሰው ነው። በአገሩ "መጤ ይውጣ" በሚል ፓርቲ ስም ሁለት ጊዜ የከተማ ምክር ቤት ገብቶ፣ በሦስተኛው ሲወድቅ አሜሪካዊት ሚስቱን ተከትሎ መጣ። ራሱ መጤ መሆኑ ትዝም ሳይለው ያንኑ መፈክር እዚህ ቀጠለና በ1993 ለከተማው ምክር ቤት ተመረጠ። የመጀመሪያ ሥራው በመኖሪያ ቤት ደጅ ድንኳን መትከልን የሚከለክል ደንብ ማጸደቅ ነበር።

በ1994 መጸው አቶ መንግሥቴ ድንገት አረፉ። በማግሥቱ የከተማው ሠራተኞች መጥተው ለቀስተኛው እንደተቀመጠ ድንኳኑን ነቀሉት። ወይዘሮ ማንአልሞሽ የባላቸውን ሐዘን በዝናብ ተቀመጡ። ይህን በደል ሳንናገር አንቀብራቸውም።

ከዚያ ወዲያ ዜግነት ወስደው፣ በየወሩ ጥቁር ለብሰው ምክር ቤቱ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ ጀመር። ተራቸው ሲደርስ በዚያ በሚያውቁት እንግሊዝኛ "ድንኳኔን መልሱ" ይላሉ፤ ቀጥለውም ይቀመጣሉ።

በ1997 የካቲት የሚስተር ክሊፎርድ ባለቤት ሞተች። ወይዘሮ ማንአልሞሽ እድርተኛውን ጠሩ። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ኑሩ፣ "እትዬ ማንአልሞሽ፣ ድንኳን ያስነቀለብን ሰውዬ እኮ ነው! ኮል አድርገን ሶሪ ብንለው አይበቃም?" አሉ።

"ጎረቤት አይደላችሁም ያለው እሱ ነው፤ እኔ አላልኩም። ተነሱ!" አሏቸው።

ሚስተር ክሊፎርድ በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ሐበሻ ከነድስቱ ሲያይ በሩን እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቆመ። እሳቸው ግን ነፍስ ይማር ብለው፣ አልፈውት ገብተው ተቀመጡ። ሦስት ቀን ምግብ እያመላለሱ አስተዛዘኑት። ወደ ቤት ሲመለሱ ሠርካለም መኪና ውስጥ፣ "ማሚ፣ ሶ ፎርጊቭ አደረግሽው ማለት ነው?" ብትላቸው፣ "አልታረቅሁም። ለቅሶ ነው የደረስኩት" አሏት።

በሚቀጥለው ወር ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ድንኳናቸውን ጠየቁ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና ድምፅ ሲሰጥ መልሶ "አይሆንም" ሲል እጁን አወጣ። እሳቸውም በዚያው ዓመት ምርጫ በር እያንኳኩ ሰው አስመዝግበው ጣሉት። በ1998 ጸደይ ደንቡ ተሻረ።

ወይዘሮ ማንአልሞሽ በጡት ካንሰር ታመው ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት ወር 1999 በተወለዱ በ57 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ጎረቤት ሳይመርጡ ያስተዛዘኑትን እናታችንን፣ አምላክ ደጁን ከፍቶ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ከቀብር በኋላ ለቀስተኛ የሚቀመጠው በቤታቸው ደጅ ነው። ድንኳኑ ከትናንት ጀምሮ ተተክሏል፤ ማንም አይነቅለውም። መንገዱ ሰፊ ስለሆነ እንደ ልባችሁ ፓርክ አድርጉ። ሚስተር ክሊፎርድ ከመጣ ወንበር ይሰጠው። አልታረቅንም፤ ግን ለቅሶ ነው።