የአሮጊቷ በር

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ከረምክ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ዛሬም መኪና ሥር ተጋድመህ ስትነሳ እንደ ሽማግሌ ታቃስታለህ? የእማዬን ጉልበት፣ የባለቤትህን ሳል፣ የትንሿን ልጅህን የሚነቃነቅ ጥርስ ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፍልኝ። እኔ ጤና ነኝ፤ ሳምንት ሙሉ ከ«ደህና ዋሉ» ሌላ ሳይናገሩ መሰንበት በሽታ ካልተባለ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ለአሮጊቷ፣ ለአባዬ ታክሲ፣ ገዥ መጥቷል ብለሃል። የምትሠሪበት የመኪና ፋብሪካ መልኳን እንዳለ ትቶ ሞተሯን የዘመኑ አድርጎ የሚሠራት ከሆነ ይቺን ልሽጣትና ኋላ አዲሷን እንገዛለን ነው ያልከው። ቆርቆሮ በመዶሻ ስታባብል የኖርክ ባቲላሜራ ነህና ቀላል መስሎህ ይሆናል።

እኔ በር ገጣሚ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ስለዚህ «መነጽር» የምንለውን መሐንዲስ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅሁት። የሰው አገር ቋንቋ ቢያስቸግረኝ አሮጊቷን በወረቀት ሥዬ አሳየሁት። ሳቀብኝ፤ ግን ደግ ሰው ነው፣ መጋዘን ወስዶ ሸራ የለበሰች መኪና ገለጠልኝ። ለካ እነሱም አንድ ጊዜ ሞክረዋት ኖሯል።

መብራቷ ክብ፣ ኋላዋ ድቡልቡል፣ ቁርጥ አሮጊቷን። የጣራዋ ምሰሶ ግን ወፍሯል፤ ቢቀጥን ስትገለበጥ ሰው ትጨፈልቃለች አለኝ። አፍንጫዋንም እግረኛ ብትገጭ እንዳትገድል ብለው ከፍ አድርገውታል፣ ሕግ ነው። እንዲህ እንዲህ ሲባል ፊቷ ጥርሱን እንደታመመ ሰው አብጦ ቀረ። የባሰው ደግሞ ገዥው ነው። ለትርኢት ባወጧት ቀን አብሯት ፎቶ ያልተነሳ አልነበረም፤ ግዙ ሲባሉ ግን ሁሉም ልጅና ሻንጣ የሚይዘውን ሰፊውን መረጠ። ለጥቂት ሰው ተብሎ የእያንዳንዱን ቆርቆሮ ቅርጽ ማውጫ እንደ አዲስ ማሠራት ፋብሪካውን አያዋጣውም። የሚያደንቃት ብዙ፣ የሚያገባት የለም።

ግቢ፣ ተቀመጪባት አለኝ። ገባሁ። በሩን ስዘጋ እጄ ሳላዘው ከፍ አድርጎ ገፋው። አሮጊቷ እንዲያ ካላደረጉላት አትዘጋም አይደል? የዚህችኛዋ በር ግን በትንሽ ጣት የሚዘጋ ነው፣ ድምፅም የለው። መሐንዲሱ በሩን ለምን ወደ ላይ እንዳነሳሁት ጠየቀኝ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመሪው ዞር ብሎ «አንሺው፣ ልጄ፣ አንሺው» ይለኝ እንደነበር ልነግረው ፈለግሁ፤ ቃሉ ጠፋኝ። ልማድ ነው ብዬ ወረድኩ። ከዚያ ሆድ ባሰኝና ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። እዚህ አባዬን የሚያውቅ እጄ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወንድምዓለም፣ አዲሷ ላም አለኝ በሰማይ ናት። አሮጊቷን አትሽጥብኝ። ግቢ ብታጣብብህም እስክመጣ ቻላት።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን ሳሉን ችላ እንዳትለው ንገራት። ትንሿን ልጅህን ደግሞ አንድ ቀን አሮጊቷ ውስጥ አስቀምጣትና በሩን ራሷ ትዝጋው። እምቢ ቢላት መዶሻህን እንዳታነሳ፣ አደራህን። አንሺው በላት።

እህትህ
ከሠራተኞች መኖሪያ፣ አራተኛ ፎቅ
ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.