ከነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ያለው አልጋ

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ከስፌት መኪናው የሚያስነሳሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከሐሳብ በቀር ምንም አልሆንኩም። በስልክ ስታገኚኝ ነገሩን የማድበሰብሰው እማዬ አጠገቤ ቆማ ስለምታዳምጥ ነው። ይህችን ደብዳቤ ጎረቤታችን ሾፌሩ ነገ ወደዚያ ስለሚጭን በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ፤ እንዳይከፍታት ብዬም በፕላስተር ጥርቅም አድርጌ አሽጌያታለሁ። ሳቂ፣ ግድ የለም። ፋብሪካ በር ላይ የሰው ቦርሳ ሲፈትሽ ከሚውል ሰው ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ።

አባባን የያዛቸው የነገርኩሽ ጉንፋን አይደለም። ዝናቡ ሲበረታ፣ ተዉ እያልናቸው፣ የጡብ ጭቃ ሊያቦኩ ጉድጓድ ገብተው ዋሉ። ከዚያ ትኩሳቱ ጣላቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ሆስፒታል አስገባናቸው። ዶክተሩ በጭቃና በረጋ ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ በተሰነጠቀ ተረከዛቸው ገብቶ ደማቸውንና ሳንባቸውን እንደያዘ፣ እንደ እሳቸው ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ እንደሚበረታ ነገረን። እኔ መቼ አምኜው። ዕድሜ ልካቸውን ጭቃ ሲረግጡ የኖሩ ሰው ዛሬ ምን ተገኘና ነው ጭቃ የሚጥላቸው ብዬ አፈጠጥኩበት።

ይባስ ብሎ ቁጥር አመጣ። ዕድሜያቸውን፣ ስኳራቸውን፣ የደም ግፊታቸውን፣ አተነፋፈሳቸውን፣ የሽንታቸውን መጠን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባና አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም አልጋው ራስጌ ይለጠፋል። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው የመሞት አደጋው ምን ያህል እንደሆነ የምንገምትበት ነው አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ዞር ብዬ ክፍሉን ሳየው ትልልቅ ቁጥር ያላቸው ሁሉ ከነርሶቹ ጠረጴዛ አጠገብ ነው የተኙት። አባባንም እዚያው አስተኟቸው። ከጎናቸው የነበረው አናጢ በማግስቱ ሞተ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ አልኩ። ተስፋ የቆረጡበትን ሰው እዚህ ይሰበስባሉ፣ መድኃኒቱን ለሚድነው ያስቀምጣሉ፤ አስከሬን ለማውጣትም ለበሩ ይቀርባል። ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት። ምነው ባልነገርኳት ኖሮ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ቁጥሩ ወረደ፤ አባባን መስኮቱ ሥር ወዳለው የዳር አልጋ አዛወሯቸው። እማዬ በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። አባባ ግን ባሰባቸው። እግራቸው አበጠ፣ ፊታቸው ተነፋ፣ እኔን በሞተው አጎታችን ስም ይጠሩኝ ጀመር። ቁጥሩ እየወረደ ሰውየው የሚብስባቸው ምን ቢያደርጓቸው ነው አልኩና ጥርጣሬዬ ሁሉ መርፌ የምትወጋቸው ሲስተር ላይ አረፈ። መርፌውን ለሌላ ሰጥታ ለአባባ ውሃ እየወጋች ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ፊት ለፊትም ነገርኳት። እሷም፣ "ወንድሜ፣ እንግዲያውስ ስቀዳ አጠገቤ ቁምና እይ" አለችኝ። ቆሜ አየሁ። ብልቃጡ ሲከፈት አይቼም አላመንኩም።

እዚህ የበሽተኛውን ሽንት እየሰበሰበ በጆግ ለክቶ ለሲስተሯ የሚያሳየው አስታማሚው ነው። እማዬ ፖፖውን ወደ ጆጉ ለመገልበጥ መጸዳጃ ቤት ስትገባ የውሃ ጠርሙሷን ከእጇ አትለይም። መቼም ሥራዬ ሆኖብኝ ሰው ሲገባና ሲወጣ የያዘውን አያለሁ፤ ጠርሙሱ ሙሉ ይገባል፣ ጎድሎ ይወጣል። እሷ ደግሞ ስትጠጣ አይቻት አላውቅም። አንድ ቀን በሩን ገፋ ሳደርገው ጠርሙሱን ጆጉ ላይ ስታንቆረቁር አገኘኋት።

ደነገጠች፣ ግን አልካደችም። "ምን ላድርግ ታዲያ? ሽንቱ ሲያንስ ቁጥሩ ይጨምራል ሲል ዶክተሩን ሰማሁት። ያ አልጋ የሞት አልጋ ነው ያልከኝስ አንተ አይደለህ?" አለችኝ። አገር ምድሩን ስጠረጥር እናቴን ብቻ ሳልፈትሽ አሳልፌያታለሁ፤ ያስፈራኋትም እኔው ነኝ። በጣም አዘንኩ፣ እታለም።

ለዶክተሩ ስነግረው ይጮህብኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ "እኛ እኮ ኩላሊታቸው የሚሠራ መስሎን ነው ከዓይናችን ያራቅናቸው" አለኝ። ቁጥሩ ለማን ቀድመን እንሩጥ የሚለውን ነው እንጂ ማንን እንተው የሚለውን አይነግረንም፤ ጠረጴዛው አጠገብ የምናስተኛውም ቀና ስንል መጀመሪያ የምናየው እሱን እንዲሆን ነው አለ። አናጢውም ቤቱ ብዙ ከቆየ በኋላ የመጣ ሰው ኖሯል። ወዲያው አልጋውን እየገፉ ወደ ቦታቸው መለሷቸው። አንዱን ጫፍ የገፋሁት እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ጠዋት አባባ በራሴ ስም ጠሩኝ። ሽንታቸውም ከትናንቱ ይሻላል። እማዬ ጆጉን ልታሳይ ብድግ ስትል ሲስተሯ ቀድማ ተቀበለቻትና ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው፤ ቀጥሎ እኔን አየችኝ። ከእንግዲህ ያንን ጆግ ከእሷ በቀር ማንም አይነካውም። ጠርጥራናለች፤ እሰይ፣ ደግ አደረገች።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትልቋን ልጅሽን አጎትሽ ናፍቆሻል በያት፤ ትንሹን ደግሞ ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽንም እንደምን አሉ በይልኝ። አባባ በደከመ ድምፅ ልጄን ሰላም በልልኝ ብለዋል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ምን እየጻፍክ ነው ትለኛለች። "እዚያ ሆና ከምትጨነቅ ድነዋል ብለህ ጻፍላት" ብላኛለች። እንዳለችኝ ብጽፍልሽ እኔም ጆጉ ላይ ውሃ መጨመሬ ነው። ቁጥሩ አሁንም ከፍተኛ ነው። ነይ።

ወንድምሽ ፈታሹ

ከሆስፒታሉ መተላለፊያ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ
ሐምሌ 9 ቀን